የተበዳሪው ሒሳብ በአንድ ገጽ ይውጣ

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በለሚ ኩራ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላን፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩና በሰበታ ቅርንጫፍ ከፍታችሁ ለምታበድሩ ባንኮች፣ ማይክሮ ፋይናንሶችና የቁጠባና ብድር ማኅበራት

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፤ የብድር ውል በእጁ ላለ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ለተበዳሪዎች አቤቱታ ስለሚሰጥ መልስ

የተከበራችሁ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ የብድር ኦፊሰሮችና ቅሬታ ሰሚዎች፤

ይህን የምንጽፈው የሒሳብ መዝገብና የብድር ውል ማንበብ ሥራችን የሆነ ሰዎች ነን። የማንንም ስም አንጠራም፤ የምናነሣው ከከተማው ዳር ባሉ ቅርንጫፎች በየጊዜው የሚደጋገም ነገር ነው፤ አብዛኛውም ከክፋት ይልቅ ከአሠራር የሚመጣ ነው።

ተበዳሪው መጥቶ «በዛብኝ» ይላል። እናንተ «በውሉ መሠረት ነው» ትላላችሁ። ከዚያ አንዱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው ጥበቃ ይጠራል፤ ጉዳዩ ግን እንዳለ ነው። «በዛብኝ» ያለው ሰው ስንት ብር እንደ በዛበት አያውቅም። «በውሉ መሠረት» ያለውም የትኛው አንቀጽ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ብር ላይ እንደ ሠራ አላሳየም። ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ገንዘብን ለሚመለከት አቤቱታ ሁሉ የምትሰጡት መልስ የአንድ ገጽ የሒሳብ ዝርዝር ይኑረው።

ገጹ ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፤ ክፍያው የገባበት ቀን፣ የገባው ገንዘብ፣ ከዚያ ላይ ለቅጣት የሄደው፣ ለወለድ የሄደው፣ ከዋናው ብድር የቀነሰው፣ ቀሪው ዋና ብድር። ብድሩ ከተለቀቀበት ቀን ይጀምር፤ ተበዳሪው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ሲስተማችሁ ይህን ሁሉ ይዞታል፤ ባይዘውማ ቀሪውን ከየት አምጥቶ ያሰላል? ችግሩ ለደንበኛው ታትሞ የሚሰጠው ስቴትመንት ብዙ ጊዜ «ገቢ» እና «ቀሪ» ብቻ ማሳየቱ ነው። ጠቡ ያለበት የመካከሉ ክፍፍል አይታይም።

ከወለዱ እንጀምር። 50,000 ብር፣ በዓመት 18 በመቶ፣ በ12 ወር የሚከፈል ብድር እንውሰድ። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ የወር ክፍያው 4,584 ብር ነው፤ በዓመቱ የሚከፈለው ወለድ ተደምሮ 5,008 ብር ገደማ ይሆናል። ዕዳው ቢቀንስም ባይቀንስም በተነሣው 50,000 ላይ የሚታሰብ፣ እናንተ «ፍላት» የምትሉት ከሆነ ግን ወለዱ 9,000 ብር፣ የወር ክፍያውም 4,916 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። የሁለቱም ውል ላይ የሚጻፈው «18 በመቶ» ነው። ፍላቱ በቀሪ ዕዳ ስሌት ቢመነዘር በዓመት ወደ 32 በመቶ ይጠጋል። ተበዳሪዋ የዕዳዋን ግማሽ ከፍላ ስታበቃ እንኳ ወለዱ የሚቆጠረው የመለሰችውንም ጨምሮ በሙሉው 50,000 ላይ ነው።

በፍላት ማበደር በራሱ ጥፋት ነው አላልንም። ጥፋቱ «18 በመቶ» ብሎ ዝም ማለት ነው። ተበዳሪው በአንድ እይታ የሚለይበት መንገድ ስላለ እዚሁ እንጻፈው፦ የክፍያ ሰሌዳውን የወለድ ዓምድ ከላይ ወደ ታች ማየት ነው። በመጀመሪያው ወር 750 ብር፣ በሁለተኛው 692 ብር ከ49 ሳንቲም እያለ የሚወርድ ከሆነ በቀሪ ዕዳ ላይ ነው። 750፣ 750፣ 750 እያለ ከሄደ ፍላት ነው። ሰሌዳው ጭራሽ የወለድ ዓምድ ከሌለውና «በወር ይህን ያህል» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ፊርማው ከማረፉ በፊት ዓምዱ እንዲወጣ ይጠየቅ። ከፊርማ በኋላ የሚነሣ የወለድ ጥያቄ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው።

ልዩነቱ አፍጥጦ የሚወጣው ተበዳሪው ብድሩን ቀድሞ ልዝጋ ሲል ነው። በዚያው ብድር ስድስት ወር ከፍሎ የቀረውን በአንዴ ሊከፍል የመጣ ሰው በቀሪ ስሌት የሚጠበቅበት 26,116 ብር አካባቢ ነው። በፍላቱ የቀሩትን የስድስቱንም ወር ወለድ አምጣ ከተባለ 29,500 ብር ይሆናል፤ ገና ላልተጠቀመበት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ቀድሞ ሲዘጋ ወለዱ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም፣ የመዝጊያ ክፍያ አለ ወይ የሚለው በውሉ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ ቅርንጫፉ በየጊዜው የተለያየ መልስ ይሰጣል። እንዲያውም በአንድ ቅርንጫፍ ሁለት መስኮት ሁለት ቁጥር ይነግራል።

ከመነሻው ላይ የሚቆረጠውም አለ። እንበልና 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 1 በመቶ መድን፣ 10 በመቶ የግዴታ ቁጠባ ተነሣ። 50,000 የፈረመው ሰው በእጁ የገባው 43,500 ነው፤ ወለዱ የሚታሰበው ግን በ50,000 ላይ ነው። ቁጠባው የእሱ ገንዘብ ስለሆነ ይመለስለታል፤ መቼና ከነስንት ወለድ እንደሚመለስ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ከዕዳው ላይ መቀነስ ይቻል እንደሆነ ካልተጻፈ ግን አቤቱታው የሚመጣው ልክ ብድሩ ሲያልቅ ነው። የመድኑ ደግሞ ይብሳል። ተበዳሪው ሞቶ ቤተሰቡ ሲጠይቅ የመድን ሰነዱን ቁጥር የሚያውቅ አይገኝም። ገንዘቡ የተቆረጠበት መድን የትኛው ኩባንያ ጋ፣ በምን ቁጥር እንደ ተገባ ከደረሰኙ ጋር ይሰጥ።

የስልክ ብድርም በዚሁ መነጽር ይታይ። 2,000 ብር ተፈቅዶ 100 ብር «የአገልግሎት ክፍያ» ተቀንሶ 1,900 እጅ ይገባል፤ በ30 ቀን 2,000 ይመለሳል። «ወለድ የለውም» ይባላል። ነገር ግን በ1,900 ላይ 100 ብር በወር 5.26 በመቶ ነው፤ በዓመት 63 በመቶ ይሆናል። ለአንድ ሳምንት የሸቀጥ ዕቃ ማዞሪያ ብሎ ለሚወስድ ነጋዴ ያዋጣው ይሆናል፤ ለቤት ኪራይ ወስዶ በየወሩ ለሚያድስ ግን ጉድጓድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ብድሩን የሚሰጠው መተግበሪያው ወይም ቴሌው ሳይሆን ከጀርባው ያለው ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ነው። ስሙ «እስማማለሁ» የሚለውን ከመንካት በፊት ባለው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። አቤቱታም ለእሱ ነው የሚጻፈው። ስሙ ከናካቴው የማይገኝ ከሆነ፣ ያበደረው ፈቃድ ያለው አበዳሪ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቀኑ። በየቅርንጫፉ ከሚነሡት ጠቦች ይህኛው ያስቃልም ያሳዝናልም። ውሉ «በየወሩ በ5ኛው ቀን ይከፈላል» ይላል። የማን ወር? ሲስተሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ተበዳሪው የሚቆጥረው በእኛ ነው። በ2018 ዓ.ም. ኦክቶበር 5 ማለት መስከረም 25 ነው። ተበዳሪው ግን ጥቅምት 5 ብሎ ይዞ በዚያ ቀን በኩራት ሊከፍል ሲመጣ አሥር ቀን አሳልፏል። አንዳንዱ ሰሌዳ ደግሞ የፈረንጁን ወር «ጥቅምት» ብሎ ተርጉሞ ይጽፈዋል፤ ያኔማ ጥፋቱ የማን ነው? ጳጉሜንም አትርሱ፤ «በየ30 ቀኑ» የሚልና «በየወሩ» የሚል ውል በዓመቱ መጨረሻ አንድ ላይ አይገናኙም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በክፍያ ሰሌዳው ላይ በእያንዳንዱ መስመር ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ። ሁለት ቀን ሲቀረው የሚላከው መልእክትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን።

ቀጥሎ ያለው ቅጣት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም «በዛብኝ» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው እዚህ ነው።

ያንኑ በቀሪ ዕዳ የታሰበ የ4,584 ብር ክፍያ እንያዝ። ውሉ ክፍያ ባልተሟላበት ወር ሁሉ 100 ብር ቅጣት አለው እንበል። የመጀመሪያው ክፍያ የሚጠናቀቀው ዓርብ ነው። ተበዳሪዋ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሰፈሯ ካለው ወኪል ጋ ትከፍላለች፤ የማረጋገጫ መልእክትም ይደርሳታል። ቅርንጫፉ የቀኑን ሒሳብ ዘግቷል፤ ገንዘቡ የተመዘገበው ሰኞ ነው። 100 ብር ተቀጣች። ማንም አልነገራትም። በሁለተኛው ወር 4,584 ብሯን በቀኗ ከፈለች። ሲስተሙ መጀመሪያ የቆየውን ቅጣት 100 ብር አነሣ፤ ለወሩ የቀረው 4,484 ሆነ። ወሩ 100 ብር ጎደለው፤ ስለዚህ «አልተሟላም»፤ ሌላ 100 ቅጣት። በሦስተኛው ወር ከከፈለችው ላይ 100 ለቅጣቱ፣ 100 ለባለፈው ወር ጉድለት ሄደ፤ የዚህ ወር ክፍያ 200 ጎደለ፤ ሌላ 100 ቅጣት። በአራተኛው 300 ጎደለ። እንዲህ እያለ በ12ኛው ወር የመጨረሻዋን ክፍያ ከፍላ «ጨረስኩ» ብላ ስትመጣ 1,200 ብር ቀሪ አለብሽ ትባላለች። በቀሪው ዋና ብድር ላይ በትርፍ የሚታሰበውን ሳንቲም ሳንቆጥር ነው። ሴትዮዋ አንድም ቀን አላሳለፈችም፤ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ግን ክፍያዋ ያልተሟላ ተብላ ተመዝግባለች።

ይህን በስድስት ዓምዱ ገጽ ላይ ብታዩት የቅጣቱ ዓምድ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ 100፣ 100፣ 100 እያለ ይወርዳል፤ ምንጩ የመጀመሪያው መስመር መሆኑንም አንድ ሠራተኛ በአምስት ደቂቃ ያየዋል። ገጹ ከሌለ ግን ያለው «1,200 ብር» የሚል ቁጥር ብቻ ነው፤ እሷ እየማለች፣ እናንተም እየማላችሁ ትለያያላችሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር አስተካክሉ። የክፍያ ቀን የሚባለው ገንዘቡ ከተበዳሪው እጅ የወጣበት ይሁን፤ የወኪሉ ደረሰኝ ወይም የስልኩ መልእክት ላይ ያለው ቀንና ሰዓት። ሁለተኛ፣ ቅጣት በተጣለ ቁጥር በዚያው ቀን መልእክት ይላክ። 100 ብር መሆኑን ያወቀ ሰው በማግስቱ ይከፍለዋል ወይም ይከራከራል፤ ዓመት ጠብቆ በ1,200 አይጣላም።

የመዝገቡም ነገር እንዲህ የዋዛ አይደለም። የባንክ ብድር 90 ቀን ካለፈው ከተበላሹት ይመደባል፤ የተበዳሪው ታሪክ ደግሞ በብሔራዊ ባንክ በሚገኘው የብድር መረጃ ቋት ውስጥ ይገባል። ነገ ሌላ ባንክ ብድር ሲጠይቅ የሚወጣው ይህ ነው። በስህተት የተጣለ ቅጣት ተመልሶ መዝገቡ ሳይስተካከል ቢቀር ግማሹ በደል እንዳለ ነው። አቤቱታ አቅራቢው «ገንዘቡ ይመለስልኝ» ብቻ ብሎ አይተው፤ «የተላከው የብድር መረጃም ይታረም፤ መታረሙም በጽሑፍ ይገለጽልኝ» የምትለዋን መስመር ይጨምር።

ስለ ዋሶች ጥቂት እንበል። ዋሱ ሊጠይቅ ሲመጣ «አንተ ደንበኛችን አይደለህም፤ የደንበኛ ምስጢር ነው» ተብሎ ይመለሳል። በወሩ ደመወዙ ላይ ሲደረስ ግን ሰው ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በግልጽ፣ በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ በቁጥር እንዲወሰን ያዛል፤ ቁ. 1922 የገንዘቡ ልክ ያልተጠቀሰበትን ዋስትና ዋጋ የለውም ይላል። «ለማንኛውም ዕዳ ዋስ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ይህን ይወቅ። «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋን ሐረግም ሳያያት አይፈርም፤ እሷ ካለች አበዳሪው ዋናውን ተበዳሪ ሳይከስ በቀጥታ ዋሱ ላይ መምጣት ይችላል። ከእናንተ የምንፈልገው ደግሞ ዋሱ የመጀመሪያው ክፍያ ባለፈ ሳምንት እንዲያውቅ፣ ሲጠይቅም ያንኑ ባለ ስድስት ዓምድ ገጽ እንዲያገኝ ነው። ዘጠኝ ወር ዝም ተብሎ ዕዳው ከነቅጣቱ ካበጠ በኋላ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጻፍ ለማንም አይበጅም፤ በሁለተኛው ወር ቢነገረው ተበዳሪውን ጎረቤቱ ስለሆነ በር ላይ ይዞ ያስከፍለው ነበር። በቡድን ብድርም እንዲሁ ነው። ከአምስቱ አንዷ ስትጠፋ የአራቱ ቁጠባ ይያዛል፤ የእያንዳንዷ ገጽ ለብቻ ካልወጣ የከፈለችውና ያልከፈለችው አይለዩም።

እዚህ ላይ ደብዳቤው ወደ ተበዳሪዎች ይዞራል፤ መልስ በሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውንም በሒሳብ ማቅረብ አለበትና።

መጀመሪያ ሦስት ወረቀት ይያዝ፤ የውሉ ቅጂ፣ የክፍያ ሰሌዳው፣ ብድሩ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ያለው ስቴትመንት። ከዚያ ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሮ በደብተር ላይ አራት መስመር ማስመር ነው፦ ቀን፣ የከፈልኩት፣ እነሱ የመዘገቡት፣ ልዩነት። ከአቤቱታው የሚበዛው እዚህ ላይ ይፈታል፤ ወይ የጠፋው ክፍያ ይገኛል፣ ወይ የራስ ስህተት ይታያል። የወኪል ደረሰኝ ላይ ያለው ጽሑፍ ጊዜ ሲያልፍ እየነጣ ይጠፋል፤ በወጣበት ቀን በስልክ ፎቶ ይነሣ። ለብድር ኦፊሰር በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ደረሰኝ ከሌለው በአራቱ መስመር ውስጥ የለም። ሰውየው ስንት ዓመት የሚታወቅ ጨዋ ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ ነገ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል።

ደብዳቤው አንድ ገጽ አይለፍ። የብድሩ ቁጥር፣ የተለቀቀበት ቀን፣ የተሳሳተው መስመር ቀኑና ብሩ፣ የሚጠየቀው ነገር። «የልጆች እናት ነኝ፣ አቅም የለኝም» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ያ ለክፍያ ማራዘሚያ ጥያቄ ነው እንጂ ለሒሳብ ስህተት አይደለም። ሁለቱን የቀላቀለ ደብዳቤ ሲነበብ እንደ ልመና ይቆጠርና የብሩ ጉዳይ ሳይታይ ይቀራል። ማራዘሚያ የሚፈልግ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍ።

በሁለት ቅጂ ለመዝገብ ቤት ይገባል፤ አንዱ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ተደርጎበት ይመለሳል። «ትተኸው ሂድ» ከተባለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክ ነው፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ የገቢ ቁጥሩን ይተካል። በቃል የቀረበ ቅሬታ የለም፣ በስልክ የቀረበም የጥሪ ቁጥር ካልተሰጠው የለም። እናም ከሁሉ በላይ፣ አቤቱታ አለኝ ብሎ መክፈል ማቆም አይገባም። የማይካደው ክፍያ በቀኑ ይከፈል፤ በደብዳቤው ላይ «በክርክር ላይ ካለው 1,200 ብር በቀር ያለብኝን እየከፈልኩ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ክፍያ ያቆመ ሰው ትክክለኛ ቢሆንም በሁለት ወር ውስጥ አጥፊ ሆኖ ይገኛል።

በየትኛው በር? ብዙ አቤቱታ የሚሞተው እዚህ ነው። ባንክ፣ ማይክሮ ፋይናንስና የካፒታል ዕቃ አከራይ ከሆነ ከቅርንጫፉ ቀጥሎ ዋና መሥሪያ ቤቱ፣ ከዚያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ባንኩ ያወጣው ኤፍሲፒ/01/2020 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) የተባለው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ተቋማቱ የቅሬታ ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ከተቋሙ የተሰጠውን መልስ ወይም ማኅተም ያለበትን ቅጂ ሳይዙ ወደዚያ መሄድ ግን ግማሽ ቀን የታክሲ ወረፋ ማባከን ነው፤ «መጀመሪያ እነሱን ጠይቅ» መባል አይቀርም። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ብሔራዊ ባንክ አይመለከተውም፤ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደር ስለሆነ መንገዱ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤና ቁጥጥር ኮሚቴ፣ ከዚያ የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁም እርቅና ግልግል ነው። በእኛ ዳርቻ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። መንገዱን ተሻግሮ አዲስ አበባ ነው፣ ወዲህ ሸገር ከተማ ነው። የሰው ቤት የት እንዳለ ሳይሆን ማኅበሩ የተመዘገበበት ቦታ ነው የሚወስነው፤ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ራስጌ ማንበብ ሁለት ሳምንት መመላለስ ያድናል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን በዱቤ የሸጠ ሱቅ ከሆነ የንግድ ቢሮ ጉዳይ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ብሎ በስልክ ውስጥ ላሉ ዘመዶችና አለቆች ሁሉ የስድብ መልእክት የሚልክ መተግበሪያ ካለ ደግሞ የብድር ብቻ ሳይሆን የግል መረጃም ጥሰት ነው፤ ለዚህ ራሱን የቻለ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መልእክቶቹ ሳይሰረዙ ከነቁጥራቸው ይያዙ።

አራጣን ከዚህ ጋር ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 ከፍ አድርጎት ነበር። የሚበደረው ገንዘብ ሲወሰን ትንሹ ነጋዴ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ማታ ቤቱን የሚያንኳኳው ደግሞ አራጣ አበዳሪ ነው። የእሱ ውል ላይ ወለድ የሚባል ቃል የለም። 100,000 ሰጥቶ «150,000 ተበድሬያለሁ» ተብሎ ይጻፋል። መያዣው የተፈረመበት ባዶ ቼክ ነው፤ ጠብ ሲመጣ ራሱ ብሩን ሞልቶ በደረቅ ቼክ ያስከስሳል፤ ያ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ስለሆነ ሰው ይርበደበዳል። ወይም የኮንዶሚኒየም ሽያጭ ውል ያስፈርማል። ሕጉ ግለሰቦች የሚዋዋሉትን ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ከልሎታል፤ የዕዳው ቀን ሳይደርስ «ካልከፈልኩ ቤቱ ያንተ ይሁን» የሚል ስምምነትንም አይቀበልም። ፍርድ ቤት ግን የሚያየው ማስረጃ ነው። ችግር አስገድዶት የገባ ሰው ቢያንስ ገንዘቡን በባንክ ይቀበል፤ ሒሳቡ ላይ የገባው 100,000 መሆኑ ብቻውን ወረቀቱ ላይ ያለውን 150,000 የሚያጋልጥ ማስረጃ ነው።

ወደ እናንተ እንመለስ። ብድር ሲያልቅ ምን ይሆናል? «ጨርሰሃል» ይባላል፣ እጅ ይጨበጣል፣ ካርታው ወይም ሊብሬው ይመለሳል። እግዱ ግን በመሬት አስተዳደሩ ወይም በትራንስፖርት ቢሮው መዝገብ ላይ እንዳለ ነው። ሰውየው ከሦስት ዓመት በኋላ መኪናውን ሊሸጥ ሲሄድ «እግድ አለበት» ይባላል፤ ያኔ ውሉን የያዘው ቅርንጫፍ ተዘግቷል፣ ፋይሉ ማዕከል ሄዷል። የመጨረሻው ክፍያ በገባ ሳምንት ውስጥ ሦስት ነገር አብሮ ይሰጥ፤ ዕዳ የለበትም የሚል የክሊራንስ ደብዳቤ፣ በቀጥታ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተጻፈ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ ከነግልባጩ፣ እና ቀሪው ዜሮ የሆነበት የመጨረሻው ባለ ስድስት ዓምድ ገጽ። በተቃራኒው ባንክ መያዣ ለመሸጥ ሲነሣ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያው ውስጥ «ያለብዎት ዕዳ ይህን ያህል ነው» የሚል አንድ ቁጥር ብቻ አይበቃም። ያንኑ ገጽ አያይዙ። ሰላሳው ቀን ለክርክር የሚያገለግለው የሚከራከሩበት ነገር ሲኖር ነው።

በክርክር ላይ ላለው ገንዘብ ደግሞ አንድ ልማድ ይቁም። አቤቱታው ገብቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ መልስ እየተጠበቀ ሳለ ቅጣቱ ይቆጥራል። መልሱ በዘገየ ቁጥር የሚጠቀመው ያዘገየው ወገን ነው። የተከራካሪው መስመር ብቻ፣ ጠቅላላው ብድር ሳይሆን፣ የጽሑፍ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ቅጣት እንዳይታሰብበት ይዘጋ፤ ተበዳሪው ተሸንፎ ከተገኘ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይክፈል። መልሱንም ውሳኔውን የሰጠው የብድር ኦፊሰር ራሱ አይጻፈው። ባለ ሦስት ሠራተኛ ቅርንጫፍ ውስጥ ይህ እንደሚያስቸግር እናውቃለን፤ ስለዚህ የገንዘብ ቅሬታዎች በቀጥታ ከቅርንጫፉ በላይ ወዳለው ዲስትሪክት ይላኩ፤ ቅርንጫፉ ተቀብሎ ቁጥር ይስጥ እንጂ አይፍረድ።

ለመጀመር አዲስ ሲስተም መግዛት አያሻም። ከዋና መሥሪያ ቤት የሚመጣው ሪፖርት ክፍፍሉን ካላሳየ ቅርንጫፉ በኤክሴል ያውጣው፤ የ12 ወር ብድር 12 መስመር ነው፤ የአንድ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መጀመሪያ በእጃችሁ ካሉት ቅሬታዎች ከሦስት ወር በላይ የቆዩትን አውጡና ገጹን ሠርታችሁ ባለቤቱን ጥሩ። ስህተቱ የእሱ ከሆነ በጣታችሁ መስመሩን አሳዩት፤ የእናንተ ከሆነም በዚያው ቀን አርሙና በገጹ ግርጌ «ታርሟል» ብላችሁ ፈርማችሁ ማኅተም አድርጉበት።

ከአክብሮት ጋር
በአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ የሆኑ የሒሳብና የሕግ ባለሙያዎች